የዋልተር ኔፍ ኑዛዜ
«ደብል ኢንደምኒቲ» የተባለው ፊልም ሲመረመር

ወንጀልን የሚተርክ ፊልም ገዳዩ ማን እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከነገረን ቀሪውን አንድ ሰዓት ተኩል ምን ፍለጋ ተቀምጠን እናያለን? ይህን ጥያቄ ከሚያስነሡት ፊልሞች አንዱ ቢሊ ዋይልደር በ1944 ያዘጋጀው «ደብል ኢንደምኒቲ» ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እጥፍ ካሣ» እንደማለት ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሌሊት ነው። አንዲት መኪና በሎስ አንጀለስ ጎዳና ላይ የትራፊክ መብራት ጥሳ ትከንፋለች። ከመኪናዋ የሚወርደው ሰው ዋልተር ኔፍ የሚባል የኢንሹራንስ ሻጭ ነው፤ በጥይት ቆስሏል። እንደምንም ብሎ ወደሚሠራበት ኩባንያ ይገባል። የባልደረባውን የባርተን ኪዝን ቢሮ ይከፍትና ዲክታፎን በሚባለው የድምፅ መቅረጫ ፊት ይቀመጣል። ከዚያም ኪዝን በስሙ እየጠራ መናገር ይጀምራል። የገደልሁት እኔ ነኝ ይላል፤ ለገንዘብና ለሴት ብዬ ነበር፤ ገንዘቡም ሴቲቱም አልሆኑልኝም።

እንግዲህ «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ ገና ከበሩ ተመልሷል። በእርሱ ፋንታ የሚመጣው ጥያቄ ግን የበለጠ ከባድ ነው፤ ይኸውም «ይህን የሚተርክልንን ሰው እስከምን ድረስ እንመነው?» የሚል ነው። የብዙ ተመልካች፣ የብዙ ሀያሲም ስሕተት ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፉ ይመስለናል።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ኔፍ የመኪና ኢንሹራንስ ሊያሳድስ በነዳጅ ሥራ ላይ የተሰማራ ዲትሪክሰን የሚባል ሰው ቤት ይሄዳል። ባል የለም። ሚስቲቱ ፊሊስ ፎጣ አገልድማ ከደረጃው ጫፍ ላይ ትታያለች፤ ለብሳ ስትወርድም ካሜራው እግሯ ላይ ያለውን አልቦ ይከተላል። ዳግመኛ ሲገናኙ ባሏ ሳያውቅ የአደጋ መድን ልትገባለት ትችል እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ኔፍ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ተቆጥቶ ትቷት ይወጣል። የዚያኑ ዕለት ማታ እርሷ ወደ መኖሪያ ቤቱ ትመጣለች፤ በአንድ ሐሳብም ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ባልየውን በማያውቀው ውል ላይ ያስፈርሙታል። ኔፍ በመኪናው ውስጥ ተደብቆ ይገድለዋል፤ እግሩን እንደ ሟቹ ጠቅልሎ፣ ምርኩዝ ተደግፎ፣ በሟቹ ቦታ ባቡር ይሳፈራል፤ ከባቡሩ ጭራ ላይ ዘሎ ይወርዳል፤ ሬሳውንም ሐዲዱ ላይ ያጋድሙታል። ኩባንያው በባቡር ላይ በሚደርስ አደጋ ለሞተ ሰው እጥፍ ይከፍላልና 50,000 ዶላር የነበረው 100,000 ይሆናል ማለት ነው።

የተለመደው ትርጓሜ ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀልለዋል። አንድ ጨዋ ሠራተኛ ነበር፤ አንዲት ክፉ ሴት መጥታ አጠፋችው። ይህ ዐረፍተ ነገር ከአዳም ጀምሮ ሲነገር የኖረ ስለሆነ ለጆሮ አይከብድም። ሆኖም ከፊልሙ ውስጥ ማን እንደሚናገረው ልብ እንበል። የሚናገረው ራሱ ገዳዩ ነው፤ ያውም ይቅር እንዲለው ለሚፈልገው ወዳጁ።

በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ሰው ለነፍስ አባቱ ኃጢአቱን ሲናገር ኑዛዜ ነው፤ ሊሞት ሲል ለቀሪው ቃሉን ሲሰጥም ኑዛዜ ነው። የኔፍ ቃል ሁለቱንም ነው። ደሙ እየፈሰሰ ይናገራል፤ ኃጢአቱንም ይዘረዝራል። ታዲያ ተናዛዥ ሁሉ እውነቱን ይናገራል ማለት አይደለም። አንዳንዱ የራሱን ኃጢአት ሲናገር የሌላውን ያበዛል፤ የሠራውን ያምንና ያሠራውን ምክንያት በሰው ላይ ይጥላል። «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ ግን ለቄሱም አይነገርም።

ታሪኩ ከልብ ወለድ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ማወቅ ለዚህ ንባብ ይረዳል። በማርች 1927 በኒው ዮርክ ከተማ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል ሩት ስናይደር የተባለች ሴትና ጀድ ግሬይ የተባለ የኮርሴት ሻጭ ተባብረው ባሏን አልበርት ስናይደርን ገደሉት። አስቀድማም በአደጋ ሲሞት እጥፍ የሚያስከፍል የሕይወት ኢንሹራንስ ባልየው በውል ሳያውቅ አስገብታዋለች። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ግሬይ በሴቲቱ ፈቃድ የተነዳ ምስኪን አድርጎ ራሱን አቀረበ። ይህ አላዳነውም፤ ሁለቱም ጃንዋሪ 12 ቀን 1928 በሲንግ ሲንግ እስር ቤት በኤሌክትሪክ ወንበር ላይ ተገደሉ። ቶም ሀዋርድ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ካሜራ አሥሮ በድብቅ ገብቶ ኖሮ፣ «ዴይሊ ኒውስ» በነጋታው ፎቶግራፉን በፊት ገጹ ላይ አወጣው። በወንበሩ ላይ የምትታየው ሩት ስናይደር ናት። በአንድ ሌሊት ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ የሕዝብ ትዝታ የያዘው ግን የሴቲቱን ምስል ነው።

ያን ጊዜ በኒው ዮርክ ጋዜጠኛ የነበረው ጄምስ ኤም. ኬይን ከዚህ ነገር ተነሥቶ አጭር ልብ ወለዱን ጻፈ፤ በ1936 «ሊበርቲ» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ወጣ። ታሪኩን ወደ ፊልም ለመለወጥ የታሰበው ቀደም ብሎ በ1935 ነበር፤ ነገር ግን የሆሊውድን የሥነ ምግባር ደንብ የሚያስከብረው የጆሴፍ ብሪን ጽሕፈት ቤት አይሆንም አለ። ዋይልደር በ1943 ሲያነሣው የዘወትር የጽሑፍ ጓደኛው ቻርልስ ብራኬት ታሪኩ ስላስጠላው ከሥራው ወጣ። በእርሱ ምትክ የመጣው ሬይመንድ ቻንድለር ነው፤ ከዚያ በፊት የፊልም ጽሑፍ ጽፎ የማያውቅ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ። ሁለቱ አልተዋደዱም፤ የጻፉት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለፊልም ጸሐፊዎች እንደ ትምህርት የሚሰጥ ሥራ ሆነ። ለውጣቸውም ቀላል አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ ገዳዩ ቃሉን በጽሑፍ የሚያሰፍር ነው። እነርሱ ግን ድምፅ አደረጉት፤ ድምፁንም ለኪዝ አደረሱት፤ ኪዝንም ከአንድ መርማሪ ሠራተኛ ወደ ፊልሙ ልብ አሳደጉት። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ መሆኑ ቀረ።

ከተማዋም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላት። በ1946 ክረምት የጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ፊልሞች ተከታትለው ፓሪስ ሲደርሱ ሀያሲው ኒኖ ፍራንክ ይህን ፊልም ጨምሮ አንዳንዶቹን «ፊልም ኗር»፣ ማለትም ጥቁር ፊልም ብሎ ጠራቸው። ስሙ ጸንቶ ቀረ። ነገር ግን የ«ደብል ኢንደምኒቲ» ጥቁረት ከጨለማ መንደር የተቀዳ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ፀሐይ የሞላባት ከተማ ናት። የዲትሪክሰን ቤት በኮረብታ ላይ ያለ፣ በስፓኝ ሥርዓት የተሠራ፣ ነጭ፣ ያማረ ቤት ነው። ጨለማው የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ነው። ካሜራ ያነሣው ጆን ሳይትዝ ብርሃኑን በመስኮቱ መጋረጃ አግድም ስንጥቆች እያሾለከ ያስገባዋል፤ በሰዎቹ ልብስና ፊት ላይ የእስር ቤት ፍርግርግ የመሰለ ጥላ ያርፋል፤ አየሩ ውስጥ አቧራ ሲንሳፈፍ ይታያል። ሴራውን የሚዶልቱትም በውድቅት ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ቀን፣ በሱፐርማርኬት ውስጥ፣ የሕፃን ምግብና የታሸገ ባቄላ በተደረደረበት መካከል ነው። አጠገባቸው የቤት እመቤቶች ዕቃ ያነሣሉ። ወንጀሉ ከተራው ኑሮ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ወደ ኔፍ ቃል እንመለስ። «እርሷ አጠፋችኝ» የሚለውን የሚያፈርሱ ሦስት ማስረጃዎች ፊልሙ ራሱ ያቀርብልናል።

የመጀመሪያው ከራሱ አፍ የወጣ ነው። ፊሊስ ቤቱ በመጣችበት ሌሊት ስላደረበት ሐሳብ ሲተርክ፣ ነገሩ እርሷን ከማወቁ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ሲያብሰለስለው ከኖረው ነገር ጋር የተሳሰረ እንደነበር ይናገራል። የቁማር ቤት ሠራተኛ ተጫዋቾቹ እንዳያጭበረብሩ ሲጠብቅ ኖሮ አንድ ቀን ቤቱን ራሱ እንዴት እንደሚያጭበረብር ማሰቡ አይቀርም፤ ኔፍም ለዓመታት እንደዚሁ ሲያስብ ኖሯል። የጎደለው ከውጭ ሆኖ የሚያስይዝለት ሰው ብቻ ነው። ፊሊስ ያን ቦታ ሞላች። በባቡር አደጋ የሞተ ሰው እጥፍ እንደሚያስከፍል የሚያስረዳትና ሞቱ በባቡር ይሁን ብሎ ድርቅ የሚለው እርሱ ነው። መግደል የእርሷ ፍላጎት ነበር፤ እጥፉ ግን የእርሱ ነው። የፊልሙ ርእስም የእርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ማስረጃ ካሜራው ነው። ግድያው ሲፈጸም ፊሊስ መኪናውን ትነዳለች፤ ባል አጠገቧ ነው፤ ኔፍ ከኋላ ተደብቋል። ምልክቱ ሦስት ጊዜ የሚነፋ ጥሩምባ ነው። ጥሩምባው ይነፋል። ባልየው ሲታነቅ የሚሰማ ድምፅ አለ፤ የምናየው ግን የእርሷን ፊት ብቻ ነው፤ ወደፊት የሚመለከት፣ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ እርካታ የሚታይበት ፊት። በርግጥ ደንቡ ግድያን በዝርዝር ማሳየት ስለሚከለክል ዋይልደር ካሜራውን አንድ ቦታ ማዞር ነበረበት። ነገር ግን የመረጠው ቦታ ትርጉም አለው። የገደለው እጅ የኔፍ ነው፤ በልባችን የሚቀረው ፊት የፊሊስ ነው። የስናይደርን ፎቶግራፍ ያስታውሷል። ይህ ሁሉ በኔፍ አንደበት የሚተረክ እንደሆነ ስናስብ፣ ካሜራው ዐይኑን የጣለበት ቦታ ተራኪው እንድናይ የሚፈልገው ቦታ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሦስተኛው ማስረጃ ረጋ ባለ ትዕይንት ውስጥ የተደበቀ ነው። ኪዝ ወደ ኔፍ ቢሮ መጥቶ ረዳቴ ሁን ይለዋል። ደመወዙ በሳምንት በ50 ዶላር ይቀንሳል፤ ሥራው ግን አእምሮና ሐቀኝነት የሚጠይቅ ነው። በዚያው ሰዓት ስልክ ይጮኻል። ፊሊስ ናት፤ ባሏ በባቡር ሊሄድ መሆኑን ትነግረዋለች። ኔፍ ኪዝ እየሰማው በሌላ ሴት ስም እየጠራ ያናግራታል። ስልኩን ዘግቶም የኪዝን ጥያቄ አይሆንም ይላል። ሁለት መንገድ በአንድ ደቂቃ ቀረበለት፤ አስቦ አንዱን መረጠ። በዚያ ክፍል ውስጥ ፊሊስ የለችም፤ ያለችው በሽቦ የመጣች ድምፅ ናት።

እዚህ ላይ ስለ ኪዝ መናገር ግድ ነው። ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን የተጫወተው ይህ ሰው አጭር፣ ቁጡ፣ ሲጋር አፉ ላይ የማይጠፋ፣ ክብሪት ግን ኪሱ ውስጥ የማይገኝ ሰው ነው። የኩባንያው አለቃ የዲትሪክሰንን ሞት ራስን ማጥፋት ነው ብሎ ገንዘቡን ለመከልከል ሲሞክር፣ ኪዝ ሰዎች ራሳቸውን የሚያጠፉባቸውን መንገዶች በዘር፣ በጾታ፣ በሥራ ዓይነት፣ በወቅት እየከፋፈለ በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝርና ከሚሄድ ባቡር ጭራ የዘለለ አንድም ሰው እንደሌለ ያስረዳዋል። ደረቱ ውስጥ «ትንሹ ሰውዬ» አለ፤ የሐሰት የካሣ ጥያቄ ሲመጣ ሆዱን እያወከ እንቅልፍ የሚነሣው። ያ ትንሽ ሰውዬ ፊሊስን ውሎ ሳያድር ያውቃታል። ባልየው እግሩ ሲሰበር ለምን ካሣ አልጠየቀም? መድን እንዳለው ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ሚስቲቱ ገድላለች፤ የተባበራት ወንድም አለ። ይህን ሁሉ ኪዝ ይደርስበታል። ወንዱ ማን እንደሆነ ብቻ አይደርስበትም።

ለምን? መልሱ ኪዝ እንደ ቀልድ አድርጎ በሚናገረው ነገር ውስጥ አለ። በወጣትነቱ ሊያገባ አስቦ ነበር። ትንሹ ሰውዬ አላስቀምጥ ሲለው እጮኛውን እንደ አንድ የካሣ ጥያቄ አስመረመራት፤ ጉድለቷን አገኘና ተዋት። ስለ ኔፍ ግን ምን አደረገ? ኔፍ በኋላ ወደ ኪዝ ቢሮ ሰርቆ ገብቶ ኪዝ በዲክታፎን ለአለቃው የተናገረውን ያዳምጣል። ኪዝ ለአሥራ አንድ ዓመት በቅርብ የሚያውቀው ሰው እንደሆነና ያለ አንዳች ጥርጥር ዋስ እንደሚሆነው ተናግሯል። ሊያገባት የነበረችውን ሴት አስመረመረ፤ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውን ወንድ ግን ሳይመረምር ዋስ ሆነለት።

የፊልሙ ቁም ነገር ይህ ነው ብለን እናምናለን። «ደብል ኢንደምኒቲ» አንዲት ሴት ወንድን እንዴት እንደምታጠፋ የሚያሳይ ፊልም ብቻ አይደለም። ጥርጣሬ በማን ላይ እንደሚነሣ፣ አመኔታም ለማን በነፃ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ፊልም ነው። በበር በኩል የመጣችው እንግዳ ሴት ወዲያው ትጠረጠራለች፤ አብሮ የሚሠራው፣ አብሮ የሚያጨሰው ወዳጅ የሚጠረጠርበት ቦታ የለም። ኔፍ መጨረሻ ላይ ይህን ለኪዝ ይነግረዋል፤ የምትፈልገው ሰው በጣም ቀርቦህ፣ ከጠረጴዛህ ማዶ ስለነበረ ነው ያላገኘኸው ይለዋል። ኪዝ ከዚያም ይቀርብ ነበር ይላል። ይህ መልስ የፍቅር ቃል ነው፤ የጥፋተኝነት ቃልም ነው።

ይህን ስንል ፊሊስን ንጹሕ ማድረጋችን አይደለም። የእንጀራ ልጇ ሎላ እንደምትናገረው የፊተኛዋ ሚስት ታምማ ሳለ አስታማሚዋ ፊሊስ ነበረች፤ በብርዳም ሌሊት መስኮቱን ከፍታ ለሞት ያበቃቻትም እርሷ ናት። ፊሊስ ነፍሰ ገዳይ ናት። ባርባራ ስታንዊክ ጠቆር ያለ ፀጉሯን በቢጫ ዊግ ሸፍና የተጫወተቻት ይህች ሴት ምሕረት እንድናደርግላት አትጠይቅም። በመጨረሻው ግንኙነታቸው ግን አንድ ነገር ይሆናል። በጨለመው ሳሎን ውስጥ ፊሊስ ተኩሳ ታቆስለዋለች። ሁለተኛውን ጥይት መተኮስ ያቅታታል። ለምን እንዳቃታት ለራሷም የገባት አትመስልም፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወዳው እንደማታውቅ ትናገራለች። ኔፍ አላምንም ይላታል። እርሷም እንዲያምናት እንደማትጠይቅ፣ እንዲይዛት ብቻ እንደምትፈልግ ትመልሳለች። እርሱ ሽጉጡን ይወስድና እያቀፋት ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ሁለተኛውን ጥይት መተኮስ ያልቻለችው «ክፉዋ ሴት» ናት፤ የቻለው «የጠፋው ጨዋ» ነው። ይህን የሚነግረንም ተራኪው ራሱ መሆኑ ኑዛዜው ፈጽሞ ሐሰት እንዳልሆነ ያሳያል። እውነቱን ይነግረናል፤ ትርጉሙን ግን አያየውም።

ፊልሙ እንከን የለውም አንልም። የሎላና የዛኬቲ የፍቅር ታሪክ ከዋናው ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ነው፤ ኔፍ ወጣቱን ከወጥመድ ሲያድነው የምናየው ቸርነት ተራኪው ራሱን ለማሳመር የጨመረው ይመስላል። ፊሊስ ከኪዝ ዐይን የምትሸሸግበት የኔፍ ቤት በርም ከተለመደው ውጪ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት ነው፤ ልብን የሚያንጠለጥል ትዕይንት ስለሰጠ ብቻ ይቅር የምንለው ስሕተት ነው። በዘመኑ የነበሩ ሸላሚዎች ደግሞ ፊልሙን ለሰባት የኦስካር ሽልማቶች አጭተው አንዱንም አልሰጡትም፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለው የደግ ቄስ ታሪክ የሆነው «ጎይንግ ማይ ዌይ» ነው። በጦርነት ዓመት ሕዝብ መጽናናት መፈለጉ አያስደንቅም። ዋይልደር ግን በ1933 ከሂትለር ጀርመን ሸሽቶ የወጣ አይሁዳዊ ነበር፤ እናቱም በናዚዎች እጅ ከጠፉት ናት። ክፋት በቢሮና በወረቀት፣ ክራቫት ባሰረ ሰው እጅ ሊፈጸም እንደሚችል ለማመን ከሌላው ሰው የተሻለ ምክንያት ነበረው።

ዋይልደር ኔፍ በጋዝ ክፍል ውስጥ ሲገደል፣ ኪዝም ቆሞ ሲያይ የሚያሳይ ረዥም ትዕይንት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አንሥቶ ነበር። በኋላ ቆርጦ ጣለው። ትክክል አድርጓል። ቅጣቱን መንግሥት ቢፈጽመው ተመልካች ሒሳቡ ተወራረደ ብሎ ይወጣ ነበር። አሁን ያለው መጨረሻ ግን ሒሳቡን ክፍት ይተወዋል። ኔፍ ወደ ሜክሲኮ ለመሸሽ ተነሥቶ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይወድቃል። ሲጋራ አፉ ላይ ያደርጋል፤ ክብሪቱን መጫር ግን ያቅተዋል። በፊልሙ ሙሉ ክብሪት አጥቶ ኔፍ ሲለኩስለት የኖረው ኪዝ ጎንበስ ይልና ክብሪቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭሮ ይለኩስለታል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ያ ፍቅር ያለ ጥያቄ ዋስ ባይሆን ኖሮ ግን ኪዝ ወንዱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ባልባከነ ነበር። ፊሊስ በዚያ ሰዓት በጨለመው ቤቷ ውስጥ ሞታ ተጋድማለች፤ ለእርሷ ክብሪት የሚጭር የለም፤ ኑዛዜዋን የሚቀበልም አልነበረም። ፊልሙን ደግመን ስናይ ከኔፍ ድምፅ ጋር የዚህችን ሴት ዝምታም መስማት ይኖርብናል።